ሁለት ደቂቃ፦ የኬን ሎች ፊልም ከፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ሲታይ

በኬን ሎች «ሶሪ ዊ ሚስድ ዩ» ፊልም ውስጥ ከሰዎቹ ሁሉ በላይ የሚፈራው በእጅ የሚያዝ ስካነር ነው። ዕቃ አድራሾቹ «ሽጉጡ» ይሉታል። እያንዳንዱ ጥቅል በእሱ ይነበባል፤ የት እንዳለ፣ በስንት ሰዓት መድረስ እንዳለበት፣ ማን ፈርሞ እንደተቀበለው ይመዘግባል። ሾፌሩ ከመኪናው ወርዶ ሁለት ደቂቃ ከቆየ መጮኽ ይጀምራል። አንድ ሰው የበሩን ደወል ሰምቶ፣ ነጠላ ጫማውን ፈልጎ፣ ደረጃ ወርዶ እስኪከፍት ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል? ፊልሙ ጥያቄውን በቃል አያነሳውም። በደጃፍና በመኪና መካከል የሚነሳው ንትርክ ግን አብዛኛው ከዚህች የደቂቃ ልዩነት የሚወለድ ነው።

ፊልሙ ግንቦት 2011 ዓ.ም. በካን ፌስቲቫል ለውድድር ቀረበ። ድርሰቱ የሎች የረጅም ጊዜ ባልደረባ የፖል ላቨርቲ ነው። ርዕሱ የተወሰደው በእንግሊዝ አገር ዕቃ አድራሽ ተቀባዩን ቤት ሲያጣ ጥሏት ከሚሄደው ካርድ ነው፤ በእኛ አነጋገር «ይቅርታ፣ መጥተን አጣንዎት» እንደማለት። ሎች በተወለደ በ82 ዓመቱ ለእይታ ያበቃው ሥራ ሲሆን፣ ከሦስት ዓመት በፊት በዚያው በካን ወርቃማውን ዘንባባ ካስገኘለት «አይ፣ ዳንኤል ብሌክ» ቀጥሎ በዚያው በኒውካስል ከተማ የተቀረጸ ነው።

ይህን ፊልም ከምዕራብ ጎጃም ሆኖ ማየት ምን ይፈይዳል የሚል ይኖራል። ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ በር አንኳኩቶ ዕቃ የሚያስረክብ ሠራተኛ የተለመደ አይደለም። በዕቃ መቅረት መነጫነጭ፣ መቀያየም፣ ስልክ ጆሮ ላይ መዝጋት ግን ሞልቷል። ፊልሙን ደግሜ ያየሁት የሁለቱን አገር ንትርክ ጎን ለጎን ለማስቀመጥ ነው። እንዲህ ሲታይ የፊልሙ ጥንካሬም፣ ሎች ያላየው ነገርም አብረው ብቅ ይላሉ።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ሪኪ ተርነር የማንችስተር ተወላጅ ነው፤ ትዳርና ኑሮው ኒውካስል። የግንባታ ሠራተኛ ነበር፤ እ.ኤ.አ. የ2008ቱ የባንኮች ቀውስ ሥራውንም ቤት የመግዛት ተስፋውንም ይዞበት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ያልሞከረው የጉልበት ሥራ የለም። አሁን በአንድ የጥቅል ማድረሻ ድርጅት ሊገባ መጋዘኑን ከሚመራው ከማሎኒ ፊት ተቀምጧል። ማሎኒ ሕጉን ይዘረዝርለታል፦ አንተ ተቀጣሪ አይደለህም፤ አብረኸን ነው የምትሠራ፤ የራስህ ጌታ ነህ። ደመወዝ የሚባል የለም፣ ክፍያ ነው። ሪኪ ደስ ይለዋል። ለቫኑ ቅድመ ክፍያ ሲጠፋ የሚስቱ የአቢ ትንሿ መኪና ትሸጣለች። አቢ ቤት ለቤት እየዞረች አረጋውያንና አካል ጉዳተኞችን የምትንከባከብ ሴት ናት። መኪናዋ ከተሸጠች በኋላ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው በአውቶቡስ ትንከራተታለች፤ መንገድ ላይ የሚያልቀው ሰዓት ደግሞ አይከፈልባትም። ትልቁ ልጅ ሴብ ትምህርት ጥሎ ግድግዳ ላይ ቀለም ይረጫል። ታናሿ ላይዛ ጄን ቤቱ ሲናጋ እንቅልፍ አጥታ ታድራለች።

ሎች ታዋቂ ተዋናይ አይወድም። ሪኪን የሚጫወተው ክሪስ ሂችን ለዓመታት የቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ አቢን የምትጫወተው ዴቢ ሃኒውድ የትምህርት ቤት ረዳት መምህርት ነበረች። አለቃውን ማሎኒን የሚጫወተው ደግሞ (ይህን ሳውቅ ሳልስቅ አላለፍኩም) በእውነተኛ ኑሮው ፖሊስ ነበር። መጋዘኑ ውስጥ ጥቅል የሚያነሱት ሰዎች አብዛኞቹ በሥራው ላይ ያሉ ወይም የነበሩ ሾፌሮች ናቸው። ፊልሙ የሚቀረጸው በታሪኩ ቅደም ተከተል ነው፤ ተዋንያኑ የሚመጣባቸውን አስቀድመው አያውቁም። ዘዴው የት እንደሚያዋጣ ለማየት አንድ ትዕይንት ይበቃል። በመጀመሪያው የሥራ ቀን አንድ ባልደረባው ለሪኪ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይሰጠዋል። ለሽንት ነው። ሪኪ የቀለደበት መስሎት ይስቃል፤ አያስፈልገኝም ይላል። ካሜራው አይጠጋም፣ ሙዚቃ አይነሳም። ቀናቱ ሲገፉ ጠርሙሱ ከመኪናው ውስጥ መሆኑን እናያለን። መጨረሻ ላይ ዘራፊዎች ቫኑን ከፍተው ሲደበድቡት ያንኑ ጠርሙስ በላዩ ላይ ይደፉበታል። ስለ ዕቃ አድራሽ ክብር በንግግር ቢሞከር ይህን ያህል አይደርስም።

አቢ ከሪኪ ትበልጣለች ባይ ነኝ። ተቺዎች አብዛኛውን ቀለም ያፈሰሱት በሾፌሩ ላይ ነው፤ የፊልሙ ጥበብ ግን ባልና ሚስቱን በአንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጡ ነው። ሁለቱም የሰው በር ያንኳኳሉ። እሱ ካርቶን ያደርሳል፣ እሷ ምግብና መታጠቢያ። እሱን ሁለት ደቂቃ ያስቸኩለዋል፤ እሷን የጉብኝት ሰሌዳዋ። ልዩነቱ እሷ በሩን የከፈተውን ሰው ማየት መቻሏ ነው። አንዲት አሮጊት የአቢን ፀጉር እያበጠሩ የማዕድን ሠራተኞቹ አድማ ጊዜ የተነሡትን ፎቶግራፍ ያሳዩአታል። በዚያች ሰዓት ሠራተኛዋና አሮጊቷ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ተንከባካቢዋ ተንከባካቢ ታገኛለች። ሪኪ እንዲህ ያለ ዕድል አንድ ጊዜም አይገጥመውም።

እዚህ ላይ ነው ቅሬታዬ። ሪኪ የሚያንኳኳቸው በሮች ከኋላቸው ያሉት ሰዎች ቀልድ ሆነው ነው የሚያልፉት። አንዱ የኒውካስል ደጋፊ ነው፤ የሪኪን የማንችስተር ዩናይትድ ማሊያ አይቶ በሩ ላይ ይከራከረዋል። ሌላው ስሙን ለመንገር ያንገራግራል፣ አንዱ መታወቂያ አላሳይም ይላል። ትዕይንቶቹ ያስቃሉ፤ እኔም ስቄያለሁ። ሆኖም ዕቃ የቀረበት ሰው፣ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ ቤት ተቀምጦ የጠበቀ ሰው፣ ካርዷን በሩ ሥር ሲያገኝ ምን እንደሚሰማው ፊልሙ አንድም ጊዜ አይነግረንም። ርዕሱ የተወሰደው ለተቀባዩ ከተጻፈ ካርድ ነው፤ ተቀባዩ ግን ፊልሙ ውስጥ የለም።

ወደ እኛ አስፋልት እንምጣ። ፍኖተ ሰላም ከአዲስ አበባ 387፣ ከባሕር ዳር 176 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በደብረ ማርቆስ፣ በደምበጫና በጅጋ አልፎ የሚመጣው መንገድ ከተማዋን ሰንጥቆ በማንኩሳ በኩል ቡሬ ይገባል፤ ቡሬ ላይ አንዱ ወደ ባሕር ዳር፣ ሌላው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት ይሄዳል። ዕቃ የሚመጣውም የሚሄደውም በዚህ መስመር ነው፤ በአውቶቡስ፣ በዶልፊን፣ አንዳንዴም በአይሱዙ ጋቢና።

አዲስ አበባ ያለ ልጅ ለእናቱ የደም ግፊት መድኃኒት ሊልክ ነው እንበል። ካርቶኑን በፕላስተር ጠቅልሎ፣ በማርከር ስምና ስልክ ጽፎ መናኸሪያ ይሄዳል። ረዳቱን ያናግራል፤ ዋጋ ይከራከራሉ፤ ይስማማሉ። ደረሰኝ የለም። ልጁ የመኪናውን ታርጋና የረዳቱን ስልክ ይጽፋል፤ ከዚያ ለእናቱ ይደውላል፦ «እማዬ፣ ታርጋው ይህ ነው፣ ረዳቱ ይደውልልሻል፣ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ አስፋልቱ ዳር ሁኚ።» ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ በስልክ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ረዳቱ ደምበጫ ላይ ሲደውል የእናት ስልክ ባትሪ ጨርሷል፤ መብራት ከጠፋ ቆይቷል። ጅጋ ላይ ሲደውል ኔትወርክ የለም። ፍኖተ ሰላም ሲደርስ መኪናው መናኸሪያ አይገባም፤ ወራጅ አውርዶ ይነሳል። ሾፌሩ ይጮኻል፣ ተሳፋሪው ያጉረመርማል፣ ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነጠላ የለበሰች ሴት ሁሉ እያየ ስም ይጣራል። መኪናው ይሄዳል። እናት ከአፍታ በኋላ በባጃጅ ትደርሳለች። መድኃኒቱ ወደ ባሕር ዳር ሄዷል።

ማታ እናትና ረዳቱ ይደዋወላሉ። «ልጄ፣ እኔ እኮ ከቤት የወጣሁት በጊዜ ነው፣ ምነው ትንሽ ብትጠብቀኝ?» «እማማ፣ ደውዬልዎት ነበር፣ ስልክዎ ዝግ ነው። ነገ በሚመለሰው መኪና እልክልዎታለሁ።» የሚመለሰውስ መኪና ሒሳቡን ማን ይከፍላል? ላኪው ከፍያለሁ ይላል፣ ረዳቱ አድርሼ ነበር ይላል፣ እናት በሁለቱ መካከል ታፍራለች። ጠቡ ያለው እዚህ ነው። የዋጋው ትንሽነት አያታልል፤ ሰው የሚናደደው መናደዱን የሚሰማለት ሲያጣ ነው።

ተቀባዩ ገጠር ከሆነ ደግሞ ሌላ እጅ ይጨመራል። ካርቶኑ ከተማ ካለ ሱቅ ይቀመጣል፤ የገበያ ቀን ከቀበሌው የመጣ ጎረቤት በአህያ ጭኖ ይወስደዋል። በተቃራኒው አቅጣጫ የሚጓዘውን ማንም የጎጃም ቤተሰብ ያውቀዋል፦ ዩኒቨርሲቲ ላለ ልጅ የሚላክ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በርበሬ። በሶው በሦስተኛው ቀን ቢደርስ ችግር የለውም። መድኃኒት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የሠርግ ልብስ ግን ቀን አላቸው።

የሎች ማሎኒ ይህን ቢያይ በሣቅ ይሞታል። ስካነር የለ፣ የቤት ቁጥር የለ፣ ሰዓት የለ። ግን ነገሩ ሥርዓት የለሽ አይደለም፤ ሥርዓቱ አደራ ነው። «አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ» የሚባለው ለዚህ ነው። ረዳቱ ያላገኘውን ሰው ዕቃ የሚያስቀምጥበት የሚያምነው ሱቅ አለው፤ ሱቁ ያውቀዋል፣ ሰፈሩ ሱቁን ያውቃል። ሪኪ ሁለት ደቂቃውን ማራዘም አይችልም፤ ረዳቱ ሾፌሩን ለምኖ ሊያቆም ይችላል። ሪኪን የሚከሰው ማሽን ነው፤ ረዳቱን የሚከሰው የመናኸሪያው አፍ ነው። በዚያ መስመር «አደራ በላ» የሚል ስም የወጣለት ረዳት እንጀራው ተበላሸ ማለት ነው።

ይህን ስጽፍ ወግ አጥባቂ ትዝታ ውስጥ እንዳልወድቅ እየተጠነቀቅሁ ነው። የእኛ አደራ ሰው ሰው ይሸታል፣ የነሱ ማሽን ይጮኻል ብሎ መደምደም ቀላል ነው፤ ግን ውሸት ነው። ረዳቱ የቀን አበል ይዞ የሚያድር፣ የጽሑፍ ውል የሌለው ወጣት ነው። ዕቃ ሲጠፋ ከኪሱ ይቆረጣል። ታሞ ቢቀር በማግስቱ ቦታው ሌላ ልጅ ይይዘዋል። ማሎኒ ለሪኪ የዘረዘረለትን ሕግ ለረዳቱ ማንም ተቀምጦ አይዘረዝርለትም እንጂ አኗኗሩ ያው ነው። ፊልሙ በወጣበት በዚያው 2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ አገራችን አዲስ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156/2011ን አወጣች። አዋጁ የሚጠብቀው ግን በቅጥር ግንኙነት ውስጥ ያለን ሰው ነው። ረዳቱ የማን ተቀጣሪ ነው? የሾፌሩ? የባለንብረቱ? የሪኪም ሕይወት የሚበላው ይኸው ጥያቄ ነው፤ በብሪታንያ ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ2021 የኡበር ሾፌሮች እንደ ሠራተኛ መብት እንዳላቸው ተፈርዷል። አዲስ አበባ ውስጥ በሞተር ምግብና ዕቃ የሚያደርሱት ወጣቶችም ጉዳይ ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ስልካቸው ላይ ያለው መተግበሪያ የሽጉጡ ታናሽ ወንድም ነው።

ፖስታ ቤትስ የሚል አንባቢ ይኖራል። የኢትዮጵያ ፖስታ በዘመነ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ አገሪቱ በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። ዕድሜው ረጅም ነው። አሠራሩ ግን ከጥንት ጀምሮ ሰው ወደ ዕቃው እንዲሄድ እንጂ ዕቃው ወደ ሰው እንዲመጣ አልነበረም፤ አድራሻችን የመልእክት ሣጥን ቁጥር ነው። ጥቅል መጣ የሚል ወረቀት ይደርሳል፣ ከዚያ መታወቂያ ይዞ መሰለፍ ነው። ይህን ዓይነት መከራ የሚያውቀው ፊልም ሠሪ ሎች ሳይሆን ሴኔጋላዊው ኡስማን ሴምቤን ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በሠራው «ማንዳቢ» ውስጥ ከፓሪስ የተላከ የገንዘብ ሐዋላ ለአንድ የዳካር አባወራ ይደርሰዋል፤ መታወቂያ ስለሌለው ግን ሊያወጣው አይችልም። መታወቂያ ለማውጣት የልደት ወረቀት፣ ለልደት ወረቀት ሌላ ወረቀት፣ በየመካከሉም አንድ ብልጣ ብልጥ ሰው። ሴምቤን ካሜራውን ያዞረው ወደ ተቀባዩ ነው። ሐዋላው ከመድረሱ በፊት ያለውንም ከደረሰ በኋላ ያለውንም በአንድ ሰው እግር ተከትሎ ያሳያል። ሎች ይህን ግማሽ ታሪክ ነው የተወው። ሁለቱን ፊልሞች አከታትሎ ማየት አንዱን ብቻ ከማየት ይሻላል።

ወደ አደራው ልመለስ፤ የሚመካው በስልክና በመንገድ ነው። ከነሐሴ 2015 ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ሁለቱም አስተማማኝ አልሆኑም። ፍኖተ ሰላም ራሷ በዚያው ነሐሴ ከባድ ጉዳት ደርሶባታል። በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል፤ መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ እንደገና ይዘጋል። መኪና ሲቆም ካርቶኑ የት እንደሚያድር ረዳቱም አያውቅም። በእንዲህ ያለ ጊዜ «ዕቃዬን አስቀረህብኝ» የሚል ሰው ብዙም አልሰማሁም። ሰው ዕቃውን ትቶ ረዳቱ በሰላም ገባ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ይህን የምጽፈው ግጭት ሰውን ያፋቅራል ለማለት አይደለም። ጥፋተኛው ከሁለቱ ውጭ መሆኑ ሲታወቅ ንትርኩ የት እንደሚገባ ለማሳየት ነው።

የሎችም ዋና ክርክር ይህ ነው፤ የተሳካለትም እዚህ ላይ ነው። በሪኪና በደንበኞቹ መካከል ያለው መቆጣት የሁለት ሰዎች ጠባይ አይደለም። ደንበኛው ቀርፋፋ፣ ሾፌሩ ባለጌ ሆኖ አይደለም። አንድ ሦስተኛ ወገን ጊዜያቸውን ቆርጦ ሸጦታል። የሁለት ደቂቃዋ ጩኸት ይህን ያለ ስብከት ታሳየናለች። ላቨርቲ ግን በመጨረሻው ሩብ ሰዓት ይህን መተማመኑን ያጣል። መከራ በመከራ ላይ ይከመራል፦ ልጁ ይሰርቃል፣ ፖሊስ ይጠራል፣ ሪኪ ሥራ ይቀራል፣ ይቀጣል፣ ይዘረፋል፣ ይደበደባል፣ ስካነሩ ይሰበራል። ሆስፒታል ተቀምጦ ሳለ ማሎኒ ደውሎ የስካነሩን 1,000 ፓውንድ ይጠይቀዋል። አቢ ስልኩን ነጥቃ በሕይወቷ ተናግራው የማታውቀውን ስድብ ታወርድበታለች፤ ወዲያው በዙሪያዋ ያሉትን በሽተኞች አይታ ታፍራለች። ሃኒውድ ሐፍረቱን ከስድቡ አብልጣ ስለምትጫወተው ያች ትዕይንት ትድናለች። የቀረው ግን ተመልካቹን አምኖ ካለመተው የመጣ ነው። ሪኪ ሳይዘረፍም፣ ሳይደበደብም ሊወድቅ ይችል ነበር፤ እንዲያውም ያ ይበልጥ ያስፈራ ነበር።

በዚያው የስልክ ጥሪ ውስጥ አንዲት ዝርዝር ነገር አለች፤ በመጀመሪያው እይታ አልፋኝ ነበር። ማሎኒ ከተዘረፉት ዕቃዎች አብዛኞቹ ኢንሹራንስ አላቸው ይላል፤ ከሁለት ፓስፖርቶች በስተቀር። የእነሱ 500 ፓውንድ በሪኪ ላይ ይቆጠራል። ተመልካቹ በሪኪ ላይ የተጫነውን ዕዳ እየደመረ ስለሆነ ቁጥሩን ሰምቶ ያልፋል። ፓስፖርቶቹ የማን ነበሩ? ለምን ጉዞ? ፊልሙ አይነግረንም፤ የሚጠይቅም ገጸ ባሕርይ የለም። እኛ አገር ግን ቀድሞ የሚጠየቀው ይኸው ነው። ፓስፖርት ለማውጣት ስንት ወር እንደተሰለፈ የሚያውቅ ሰው ዋጋውን በ500 ፓውንድ አይለካውም፤ ወደ ዐረብ አገር ልትሄድ ቀን የቆረጠች ልጅ፣ ቪዛው ሊያልፍበት የደረሰ ተማሪ ወዲያው ይታየዋል። ሪኪን ስላዘንኩለት እነዚያን ሁለት ሰዎች መርሳት የለብኝም። ሎች ግን እንድረሳቸው አድርጎ ነው የቀረጸው። የአማርኛ ፊልም ሠሪ ይህን ጉዳይ ቢያነሣ ካሜራውን ከረዳቱ ጋር መኪናው ውስጥ ብቻ ባያስቀምጠው፤ ጅጋ ወይም ማንኩሳ ላይ አስፋልት ዳር፣ ታርጋ እያነበበች ከምትጠብቀው ሴት ጎንም ቢያቆመው ደስ ይለኛል።